ስምንቱም በርተዋል

መምህሩ «ሁለት ሁለት ሁኑ!» ባለ ጊዜ ተማሪዎቹ በዓይን ተጠራርተው ጥንድ ጥንድ ሆኑ፤ ጡረታ የወጣችው የስልክ ኦፕሬተር ብቻ ኬብሏን እንደያዘች ቀረች። የኔትወርክ ትምህርት ከጀመረች መንፈቅ ሆኗታል። ልጆቹ «እትዬ» እያሉ ወንበር ይለቁላታል እንጂ አጠገቧ የሚቀመጥ የለም።

በኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድራ በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ ገጠመች። ሁለት ወገን ካለው የኬብል መሞከሪያ አንዱን እዚያው ሰክታ፣ ኬብሉን በኮሪደሩ እየዘረጋች ወደ ባዶው ክፍል ሄደችና ሌላውን ሰካች። የመሞከሪያው መብራቶች፣ ለየሽቦው አንድ አንድ፣ ከአንድ እስከ ስምንት ተራቸውን ጠብቀው ቦግ ቦግ አሉ።

«ደርሷል! ስምንቱም በርተዋል!» ብላ ጮኸች። ከወዲያ ጫፍ የመለሰላት አልነበረም። መብራቶቹ ሁለት ዙር እስኪዞሩ ቆማ ጠበቀች።

ስትመለስ መምህሩ የውጤት ወረቀቱን አቀረበላት። «ላኪና ተቀባይ ይፈርማሉ። ከወዲያ በኩል ማን ነበር፣ እትዬ?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

መምህሩ አቀረቀረ። «እንግዲያው በሁለቱም ቦታ ይፈርሙ።»

በላኪው ቦታ የዘወትር ፊርማዋን አኖረች። በተቀባዩ ቦታ ግን ቀስ ብላ፣ ትንሽ አጣማ ፈረመች፤ የሌላ ሰው እንዲመስል።