አንድ ስንዝር ይቀራታል

ባሏ ስፖንጁን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ አይሆንም። ሲደገፉት ይሰምጣል» አለ።

ሚስቱ ከተጠቀለሉት ምንጣፎች ኋላ ተሸሽጋ እያንዳንዷን ቃል ትለቅማለች። ኧረ ጉድ ነው! ከስፌት መኪናው ተነስቶ እስከ በሩ መሄድ የሚታክተው ልብስ ሰፊ፣ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ የዮጋ ብሎክ ሲያማርጥ ማን ያምናል? ይቺን ጡብ የምታክል ነገር፣ ዮጋ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው መሬት አልደርስ ሲል የሚደገፉባትን፣ እሱ ከየት አወቃት?

ነገሩ የጀመረው ትናንት ነው። ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አገኘች። «ብሎክ፣ ረጅም። ሐሙስ አሥር ሰዓት» ይላል፣ ያውም በሴት እጅ ጽሕፈት። ሆድ ይፍጀው ብላ አደረች። ዛሬ ደግሞ በፀጉር ቤቷ ደጅ ሲያልፍ አይታው «ወዴት ነው?» ብትለው «የሸሚዝ ቁልፍ ልገዛ» አላት። ቁልፍ! ቤቱ ሦስት ጣሳ ሙሉ ቁልፍ ያለው ሰው! ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። የደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ሥር ወሸቀቻትና «መጣሁ» ብላ፣ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ተከተለችው። የጠረጠረችው እውነት ከሆነ የስፌት መኪናውም እሱም ዛሬ ደጅ ያድራሉ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አበቃ፣ በቃ።

«ለራስዎ ነው?» አለች ሻጯ።

«አይ፣ ለአንዲት ሴት ነው።»

ሚስቱ አንዱን ምንጣፍ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ሲያጎነብሱ እጃቸው መሬት ይነካል?»

«የት ይነካል! አንድ ስንዝር ይቀራታል።» አውራ ጣቱንና የመሃል ጣቱን ወጥሮ አሳያት።

«ለክተዋቸው ነው?»

«በዓይኔ ነው። ሰው የሌለ መስሏት ስትሞክር አየኋት።»

ሚስት እሳት ሆነች። የባሏ ዓይን ስቶ እንደማያውቅ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ስንቷ ሴት ፊቱ ቆማ፣ ክንዷን ዘርግታ ስትለካ አይታ አንድ ቀን ቀንታ አታውቅም። ቆመው የሚለኩትን ችላ ኖራ፣ አሁን የምታጎነብስ መጣችባት!

«እንጨቱስ? ጠንካራ ነው» አለች ሻጯ።

«ያንሸራትታታል። መዳፏ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው።»

መዳፏንም ያውቃል! ማን ናት ይቺ ቀኑን ሙሉ እጇ የማይደርቅ? ዓሣ ሻጭ ናት? ዋናተኛ ናት? አዎ፣ ዋናተኛ ናት፤ ወጣት፣ ወገበ ቀጭን። ዋናተኛ ሆና መሬት መንካት እንዴት እንዳቃታት ግን ለመጠየቅ ንዴቷ ጊዜ አልሰጣትም።

ልብስ ሰፊው ከቡሽ የተሠራውን አነሳ። እንደ ጨርቅ ዳበሰው፣ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ከዚያ በረጅሙ አቁሞ በስንዝሩ ለካው። ልክ ነው።

«ደስ ይላቸዋል» አለች ሻጯ።

«ምን ደስ ይላታል፣ ትቆጣኛለች እንጂ። ኩራቷ አይጣል ነው! እንዴት አድርጌ እንደምሰጣት ጨንቆኛል።»

እንዲህ ብሎ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ሚስቱ ታውቃታለች። የእሷ ነበረች። ከዚህ በላይ መሸሸግ አልቻለችም።

«ቁልፉ ተገኘ ወይ፣ አባ ቁልፍ?»

ክው ብሎ ዞረ። ሁልጊዜ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የልብስ መለኪያ ሜትር ተንሸራቶ መሬት ወደቀ።

«አንቺ! ደንበኛሽን ትተሽ ነው?»

«ደንበኛዬ ትንሽ ትብሰል! ለማን ነው?»

«ቤት ስንገባ እንነጋገር...»

«የትኛው ቤት? ለማን ነው አልኩህ!»

ቡሹን ከጀርባው ሸሸገ። ሻጯ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ታያለች። መሸሸጉ ይበልጥ አሳበዳት፤ ሜትሩን አንስታ ፊቱ ላይ ልትወረውርለት ድንገት አጎነበሰች።

ንዴቱ አስረስቷት ነው እንጂ ሰው ፊት ካጎነበሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ማበጠሪያ ሲወድቅባት ሌላ ታወጣለች፤ ማሰሪያ ያለው ጫማ መግዛት ትታለች። ለባሏም ትንፍሽ አላለችም። ወገቤን ካለችው «ቆመሽ መዋልሽ ነው፣ ፀጉር ቤቱን ዝጊው» እንዳይላት ትፈራለች። ያን ቤት ከዘጋች ደግሞ ምን ቀራት?

ወገቧ መንገድ ላይ ቀጥ አድርጎ ያዛት። መውረድም መነሳትም አቃታት፤ እጇ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣቶቿን አየች። ሜትሩን አየች። በመካከላቸው አንድ ስንዝር አለ።

«ፀጉር ቤቱን ዝጊ አልልሽም» አላት ባሏ ከሥሯ። መቼ እንደተንበረከከ አላየችውም። «ብሎክ ግዛ ብላ የጻፈችልኝ የዮጋ አስተማሪ ሐሙስ ኑ ብላናለች፤ አብሬሽ እገባለሁ። እኔም እንደ አቅሜ አጎነብሳለሁ።»

ቡሹን አቁሞ ከእጇ ሥር አስገባላት። የደንበኛዋ ሻምፖ ገና የሚሸትበት እርጥብ መዳፏ ልክክ ብሎ አረፈበት።