ከዚህ የጠራ

«ዜሮ ነው፣ አባዬ» እለዋለሁ። አባቴ ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጭኑን ይመታል።

«አላልኩም? ያ ሐኪም ሥራ ፈት ነው። ወገብ ሲያረጅ ይጎብጣል፤ ውሃው ምን በደለ?»

እኔም አብሬው እስቃለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ሐኪሙ የእናቴን ራጅ አይቶ «ውሃችሁ ይመርመር፤ ፍሎራይድ ከበዛበት አጥንት ያጎብጣል» ካለ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህን ጉድጓድ አባቴ በገዛ እጁ የቆፈረው እኔ በተወለድኩ ዓመት ነው፤ የሚስቱ ጀርባ ከእንግዲህ ውሃ አይሸከምም ብሎ።

መሣሪያዬ አውራ ጣት ብታህል ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ሦስት ዓመት ለፍተንባታል። ከሆዷ የምትወጣው ትንሽ ብርሃን በውሃው ውስጥ ስታልፍ የሟሟውን ፍሎራይድ ታነባለች። አንድ ጠባይ ግን አላት፦ አስቀድሞ ምንም የሌለበት የላብራቶሪ ውሃ ካላሳዩዋት ዜሮን አታውቅም። ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር እያስተያየች ነው የምትናገረው።

ዕቃዬን ስሰበስብ የላብራቶሪውን ውሃ ጠርሙስ አነሳለሁ። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ጠዋት ስመጣ ከግማሽ በታች ነበር።

«አባዬ፣ ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ። እናትሽ ጋ ስትገቢ አየሁት፣ የቆየ መሰለኝ። ደፋሁና ከጉድጓዱ ሞላሁልሽ። ንጹህ ውሃ አይደል የምትፈልጊው? ከዚህ የጠራ የት ይገኛል?»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነታቸውን ነው። የጉድጓዱን ውሃ ከራሱ ጋር ሳስተያየው ነው የዋልኩት፤ ራሱ ለራሱ ምስክር ሆኖ።

ካልተከፈተ ሌላ ጠርሙስ ለመሣሪያዬ ዜሮን እንደገና አሳያታለሁ፣ ቀጥሎ የጉድጓዱን ውሃ። ቁጥሩ ወጥቶ ወጥቶ ዘጠኝ ላይ ይቆማል። ከአንድ ተኩል ያለፈ አይጠጣም። እደግመዋለሁ። ያው ዘጠኝ ነው።

«አሁንስ ስንት አለች?» ይላል አባቴ።

«ዘጠኝ» ስል እንባዬ ይቀድመኛል። እሱ እጆቹን ገልብጦ መዳፎቹን ያያል።

«ሠላሳ ዓመት» ይላል ቀስ ብሎ። «እኔው ነኝ እየቀዳሁ ያጠጣኋት።»

«እናንተ ሰዎች» ትላለች እናቴ ከውስጥ፣ «ስትመረምሩ ጠጥታችሁ ጨረሳችሁት እንዴ? ለእኔም ቅዱልኝ እንጂ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

ድምጿን ሰምቶ ተቀምጦ አያውቅም፤ ዛሬም ይነሳል። ኩባያውን ይዞ ከሞላው ባልዲ አጠገብ ይደርሳል፣ እዚያው ይቆማል።