እንብላ ባዩ

«በአንድ ላይ ይምጣ ወይስ ለየብቻ?» አለች አስተናጋጇ።

«ለየብቻ!» አለች ሩሐማ ፈጠን ብላ። አባቷን ከራሷ ጋር እንኳ ቢሆን አንድ ሳህን ላይ ልታሻማው አልፈለገችም። ሙሉ ዓሳ ጥብስ ከነዳቦው፣ ከነቃሪያ ዳጣው፣ ለብቻው፣ በክብር እንዲቀርብለት ነው ሐሳቧ።

አባቷ ባፈና ከደጋው ከኦቾሎ ወርዶ አርባ ምንጭ ልጁ ዘንድ ከመጣ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ሚስቱ በለጥሽ ከሞተች ወዲህ እህል አልወርድ ብሎት ከስቷል። ሱሪው አልቆም ቢለው ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ሩሐማ ያንን ቀዳዳ ያየች ዕለት ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ስትወጣ ግን ዓይኗን ጠርጋ «ሳላበላው አልሰደውም!» ብላ ምላ ነበር።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿን «ከተማ ሊያይ የመጣ እንግዳ የት ይበላል?» ብላ ብትጠይቃቸው ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። በእነሱ ምክር መጀመሪያ ሴቻ ሰፈር፣ ሐይቁ ቁልቁል ወደሚታይበት ሆቴል ወሰደችው። ባፈና ዓይኑን አጥብቦ አየና «ይቺ የኛ አባያ አይደለችም እንዴ? ከደጃፌ የማያት?» አለ። ከዚያ ሁለት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ ልጄ፣ ተባረኪ» አላት። በማግስቱ ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ የለበሰበት ቤት ወሰደችው። እዚያም ሁለት ጉርሻ፣ እዚያም ምርቃት። ይህ ሲቀላ ሰፈር ያለው ዓሳ ቤት የመጨረሻ ተስፋዋ ነው።

ዓሳው መጣ። ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ፣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ገና ይንጨረጨራል። ባፈና እጁን ታጠበ፤ አማተበ። ከዚያ መጉረሱን ትቶ ዙሪያውን ይቃኝ ጀመር።

«እንብላ!» አለ ለአስተናጋጇ።

«ይባርክ አባባ» ብላ አለፈች።

«እንብላ!» አለ አጠገባቸው ላሉት ተማሪዎች።

«ይባርክ» አሉት ከስልካቸው ቀና ሳይሉ። ለሎተሪ አዟሪው አለ፤ ሒሳብ ከፍሎ ለሚወጣው የባጃጅ ሾፌርም አለ። አማርኛው ከገበያ የተለቀመች ጥቂት ናት፤ ይቺን ቃል ግን አሳምሮ ያውቃታል።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ሁሉም የራሱን ያዛል» አለችው ሩሐማ በጋሞኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ? የራሴን ነው ኑ ያልኳቸው።»

ዳቦውን ቆረሰ፤ መልሶ አስቀመጠው። ሩሐማ የወንድሟ ሚስት አገኘሽ በስልክ የነገረቻት ትዝ አላት። «ልጆቹ እንዳይረብሹት ብዬ ለብቻው በክብር ነው የማቀርብለት፤ እሱ ግን በር በሩን እያየ ያቀዘቅዘዋል» ብላት ነበር። ሩሐማ ያን ጊዜ የጠረጠረችው የአገኘሽን ሙያ ነው።

በሩ ላይ አንድ ፈረንጅ ቆሟል። ረጅም ነው፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል፤ ጀርባው ላይ ትልቅ ሻንጣ አዝሏል። ስልኩን ያያል፣ ቤቱን ያያል፣ እንደገና ስልኩን ያያል። የት እንደሚበላ የጨነቀው ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

«እንብላ!» አለው ባፈና።

ፈረንጁ ቀና አለ። ቃሏን ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ መልሷን ግን ያስተማረው የለም። በደስታ «እሺ!» አለና ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ሻንጣውን አውርዶ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ተማሪዎቹ አሁን ከስልካቸው ቀና አሉ። ሩሐማ ፊቷ ጋለ። «ለወጉ ያህል እኮ ነው» ብላ ልታስረዳው እንግሊዝኛዋን ስትሰበስብ ዓይኗ አባቷ ላይ አረፈ። ተወችው።

ባፈና ጀርባውን አቅንቶ ተቀምጧል። «ቁጭ በይ ልጄ፣ ቁጭ በይ!» ይለዋል ፈረንጁን። ወደ አስተናጋጇ ዞሮ ደግሞ «አንተ! ውሃ አምጣ፣ እንግዳ አለ!» አላት። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አድርጎ አረፈው። ልጅቷ እየሳቀች ውሃውን ይዛ ሮጠች።

ባፈና እሾሁን ለቀመ፣ ሥጋውን ዳጣ ውስጥ ነከረና ፈረንጁን አጎረሰው። ዳጣው ፈረንጁን እንባ በእንባ አደረገው። ባፈና ሳቀ። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ሩሐማ ይህን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። እንግዳ ብቻውን አይበላምና ባፈናም ጎረሰ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ያንደኛው ጎን አጥንቱ ብቻ ሲቀር ዓሳውን ገለበጠው። «እሾሁ ነው የሚያስቸግረው እንጂ ይበላል!» አለ አፉ እንደ ሞላ።

ሩሐማ እያየችው እናቷን አስታወሰች። ባፈናና በለጥሽ ገበሬ ሆነው ሲኖሩ፣ ሲጣሉም፣ ሲታረቁም፣ የሁለቱ ምግብ በሁለት ሳህን ቀርቦ አይታ አታውቅም። እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንደ አስታማሚ ጉርሻውን ስትቆጥርበት ነው የከረመችው። የራሷ ዓሳ እንደ ቀረበ በርዷል።

ባፈና አያት። ሳህኗንም አየ።

«እንብላ» አላት፣ መንገደኛውን ሁሉ በሚጠራበት በዚያው ድምፅ፣ በዚያው አማርኛ።

«ይባርክ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው። ሳህኗን አነሳችና ዓሳዋን እነሱ ሳህን ላይ ገልብጣ እጇን ሰደደች።