ሃይ ያለችው ልጅ

ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ አስተርጓሚ ከሰካ ወዲህ የቋንቋ መማሪያ የሚያሳትም የለም። እማማ ውድነሽ ግን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ሲያስቸግሩ ከርመው፣ በፊደላችን የተጻፈ የጃፓንኛ መማሪያ አገኙ።

«ማሽኑ እያለ ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው ሻጩ።

«ማሽኑ የሰውን ሁሉ ድምፅ አንድ ያደርገዋል። የልጅ ልጄን ድምፅ እንኳ አላውቀውም።»

እሑድ ወደ ኦሳካ ሲደውሉ አስተርጓሚውን ከጆሯቸው ነቀሉት።

«ዩኪ!»

«ሃይ!» አለች ልጅቷ፣ እንደ አባቷ ጎርነን ባለ ድምፅ።

እማማ ደነገጡ። አያቷን ሃይ ማለት ማን አስተማራት? ሊቆጡ ሲሉ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ትዝ አላቸው። በጃፓንኛ «ሃይ» ማለት «አቤት» ነው።

«ዩኪዬ!» አሉ እንደገና፣ የሚነግሯት ነገር ሳይኖራቸው።

«ሃይ!»

«ዩኪዬ!»