የጥድ ቤት በምስጥ አይበላም!

«ይህ ኩይሳ ዛሬውኑ ካልፈረሰ እኔና አንተ ጉርብትናችን አበቃ!»

አቶ ወልደጻድቅ አጥሩን በዱላ እየደበደቡ ጮኹ…

ጎረቤታቸው አቶ ሁሴኖ በግቢያቸው ጥግ የቆመውን የምስጥ ኩይሳ ዞር ብለው አዩት።

«ኦቦ ወልደጻድቅ፣ ይህ እኮ አንተ ደራ ሳትመጣም እዚሁ ነበር።»

«ታዲያ የእኔን ቤት ሲጠብቅ ኖሯላ!»

ዘመኑ 1952 ዓ.ም. ነው።

የአርሲው ደራ ቆላ ነው… ምስጡ ባሕር ዛፍን እንደ ቆሎ ይቆረጥመዋል።

ይህን የሚያውቁት ወልደጻድቅ፣ ከችርቻሮ ተነስተው እህል ነጋዴ የሆኑ ብልህ ሰው፣ ከአሰላ ደጋ የጥድ ቋሚ አስጭነው አመጡ።

ቤቱ ሲቆም ግን እሳቸው ለእህል ግዢ ጢቾ ነበሩ። አሠሪው ልጃቸው ገብረ መድህን ነበር።

ሲመለሱ ቤቱ ተመርጎ፣ አምሮ ጠበቃቸው።

አሁን ግን ግድግዳው ተሰነጠቀ… ከመሬት ተነስቶ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቀጭን የአፈር መስመርም ታየ። የምስጥ መንገድ ነው።

«የጥድ ቤት በምስጥ አይበላም!» አሉ። «ከተበላ፣ ምስጡን የላከው ሰው አለ!»

ሁሴኖ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱ።

«ያንን የአፈር መስመር ስበረውና ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ምስጥ መንገዱ ሲፈርስበት ሊጠግን ይወጣል… ከየት እንደሚወጣ በዓይንህ ታያለህ።»

«በገዛ ቤቴ የምስጥ ዘበኛ ልታደርገኝ ነው?»

ሽማግሌ ተቀመጠ። ኩይሳው እንዲፈርስ ተፈረደ።

ተቆፈረ… ጣት የምታህል የምስጥ ንግሥት ወጣች። ወልደጻድቅ በጫማቸው ጨፈለቋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሴኖ በሰፈሩ «ምስጥ ቀላቢው» ተባሉ።

ሚስታቸው ከዲጃ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር።

በመጨረሻም ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው፣ ደራን ለቀው ጎበሳ ገቡ።

ክረምቱ አለፈ… የወልደጻድቅ ቤት ግን ይባስ ብሎ ዘመመ።

ኩይሳው የለም። ሁሴኖም የሉም።

ወልደጻድቅ ቢጨንቃቸው የአፈሩን መስመር በዱላቸው ሰበሩትና ተቀመጡ…

ምስጦቹ ሊጠግኑ ወጡ። ከአጥሩ ማዶ አይደለም… ከራሳቸው ቋሚ ሥር!

ምርጊቱን ፋቁት።

ጥድ ልቡ ቀይ ነው፣ ሽታው ያውዳል። በእጃቸው የተፈረፈረው እንጨት ግን ቀይም አልነበረም፣ ሽታም አልነበረው…

ባሕር ዛፍ! ውስጡ አልቆ ልጡ ብቻ የቀረ።

ቀጣዩን ፋቁ… ባሕር ዛፍ። ከዚያም የሚቀጥለውን… እሱም ያው!

ልጃቸውን ጠሩት። ገብረ መድህን የተፋቀውን ግድግዳ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባባ… ሁሴኖ እስከ መጨረሻው አልነገሩዎትም ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«ጥዱን ሸጬ ገንዘቡን ናዝሬት ወርጄ ጨረስኩት… በባሕር ዛፍ ስተካው እሳቸው አይተውኝ ነበር እኮ።»

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በሽማግሌ ፊት ሳስፈርድበት አንተ የት ነበርክ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ።

«እዚያው ነበርኩ… ኩይሳውን የቆፈርኩት እኔ አይደለሁ?»

ወልደጻድቅ በማግስቱ ጎበሳ ሄዱ። ሁሴኖ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው፣ ምንጣፍ አነጠፉላቸው።

«ለምን ዝም አልክ? ስምህ ሲጠፋ ለምን ዝም አልክ?»

«ልጅህ እግሬ ላይ ወደቀ። ‹አባቴ ከሰማ ይረግመኛል› አለኝ። ቤት ቢፈርስ ይሠራል፣ የተረገመ ልጅ ግን በምን ይጠገናል? ብዬ ነው።»

ከዚያም ጨመሩ…

«ደግሞ ወላሂ፣ አንተ እኔን እንደዚያ ትጠረጥረኛለህ ብዬ አላሰብኩም።»

ወልደጻድቅ አለቀሱ።

«ተመለስ በቃ። አጥሩንም አፈርሰዋለሁ…»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ ሁሴኖ። «ደራ ግን አልመለስም። ከዲጃ እዚህ ውኃ ስትቀዳ የሚያጫውታት ሰው አግኝታለች።»

ወዳጆቼ…

ምስጥ ከምርጊቱ ስር ነው የሚሠራው። ግድግዳው እንዳማረ ቋሚው ያልቃል።

የአፈር መስመር ስታዩ በላዩ ላይ አትለስኑበት። ስበሩት፣ ሥሩን ተከተሉ፣ ቋሚያችሁን አንኳኩት።

ጎረቤታችሁን ሽማግሌ ፊት ከማቆማችሁ በፊት ደግሞ… ቤታችሁን ማን እንደሠራው ጠይቁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ… በሁሴኖ ቦታ ብትሆኑ የልጁን ምስጢር ትጠብቁ ነበር? ወይስ ጥዱ የተሸጠ ዕለት ለአባትየው ትነግሯቸው ነበር?

ከታች ጻፉልኝ… አነባለሁ።