የስልከኛዋ ካሴት

ዩኒቨርሲቲው በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጋ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ባልደረቦቿ «እመት መዝገብ» ይሏታል፤ የጠፋ ወረቀት ሁሉ እሷ ዘንድ ይገኛል ለማለት ነው። ኃላፊው ከቤቱ ሆኖ በስልክ ያዝዛል።

«በራችን ቢዘጋም ጆሯችን አይዘጋም። ሰው ይደውል፣ ቀኑ እንዴት እንደዋለ ይናገር፤ አንቺ ቅጂ» አላት።

መናገር ለሱ ቀላል ነው። ስልኩ አንድ፣ መቅረጫው አንድ፤ ሰዉ ደግሞ ሆድ ብሶታል። ታክሲ ነጂው ደወለ፣ ተማሪዎቿ የናፈቋት አስተማሪ ደወለች፣ ነርሶች ደወሉ። ሁሉንም ቀረጸች።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ የሚደውሉት አዛውንት ግን ለመናገር ሳይሆን ለመስማት ነበር የሚደውሉት። ሟች ሚስታቸው የዩኒቨርሲቲው ስልከኛ ነበረች፤ በወጣትነቷ ስለ ሥራዋ ያወራችበት የሃያ ደቂቃ ካሴት መደርደሪያው ላይ አለ። በደንቡ መሠረት ካሴቱን መስማት የሚችለው የፈረመው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የካርድ ቁጥሩን ሲናገር። ድሮ ራሳቸው እየመጡ ይሰሙ ነበር። በሩ ሲዘጋ እመት መዝገብ የስልኩን እጀታ መቅረጫው አጠገብ ታስቀምጥላቸው ጀመር።

«ልጄ፣ ያቺን የዲኑን ቦታ አምጪልኝ» ይላሉ።

ስልከኛዋ ዲኑን ከሚስታቸው ጋር አገናኛለሁ ብላ ከአትክልተኛው ጋር አገናኝታቸው፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ «የኔ ፍቅር» ሲሉት የቆዩበትን ማለታቸው ነው። እሷ ቀልዱ ላይ ሳትደርስ እሳቸው ቀድመው ይስቃሉ። ከሳቃቸው በኋላ ሁልጊዜ ሳል ይከተላል።

አንድ ሐሙስ አዛውንቱ ሰምተው ዘጉ፤ እመት መዝገብም እንደ ልማዷ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ወዲያው አንዲት ነርስ እያለቀሰች ደወለች። በአንድ ቀን ሦስት በሽተኛ አጥታ ነበር። እመት መዝገብ ሴትዮዋን ላለማቋረጥ ቶሎ ብላ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነች። ነርሷ ግማሽ ሰዓት አወራች። መቅረጫው ውስጥ የነበረው የማን ካሴት እንደሆነ ትዝ ያላት ነርሷ አመስግና ከዘጋች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

«ምነው እጄ በተቆረጠ!» አለች ብቻዋን።

ካሴቱ ሌላ ኮፒ የለውም። ኮፒ ይደረግ ተብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራ ሲጠብቅ የኖረ ነው። የቀረው በታይፕ የተገለበጠው ጽሑፍ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ አዛውንቱ አልደወሉም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልደወሉም። እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም አፈረች። በሦስተኛው ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ካርድ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» አለ የሻከረ ድምፅ። «አሞኝ ነበር። ጉሮሮዬን ነው የያዘኝ።»

እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ገና ከአልጋ ለተነሳ ሽማግሌ ይህ ይነገራል? የካሴቱ ሽሽ የሚል ድምፅ እንዲሰማ ባዶ ካሴት አስነሳች። ጽሑፉን ዘርግታ፣ ድምጿን አቅጥና፣ ስልከኛዋን ሆና ማንበብ ጀመረች። የሴትዮዋን እስትንፋስ ሳይቀር ታውቀዋለች፤ ስንቴ ሰምታዋለች!

ቀልዱ ላይ ስትደርስ ከወዲያ ሳቅ አልመጣም።

«ከዚያስ?» አለ ድምፁ።

ክው አለች። ያንን ቀልድ በቃላቸው የሚያውቁት ሰውዬ «ከዚያስ» ይላሉ?

«ነቅተውብኛል» አለች ለራሷ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ንግግራቸውን ቃል በቃል ትመረምር ጀመር። ምልክቱም በዛ። ሁልጊዜ «ልጄ» ይሏት የነበሩት ሰው አንድ ቀን «አመሰግናለሁ፣ እህቴ» አሏት፤ ከልጅነት ሰረዙኝ ብላ አለቀሰች። የዲኑን ነገር ጭራሽ ትተው ሌላ ቦታ ያስደግሟት ጀመር። ስልከኛዋ እየሳቀች፣ «ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይራገጣል፤ ወሬኛ ሊሆን ነው መሰለኝ» የምትልበትን። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እየፈተኗት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አንዷ ቃል ላይ ድምጿ ተሰብሮ እስኪይዟት ነው የሚጠብቁት።

ጨንቋት ለኃላፊው ነገረችው።

«ሰውዬው እስካልከሰሰ ድረስ ሆድ ይፍጀው» አላት። «ደግሞስ ማንን ጎዳሽ? ሽማግሌው ደስ ብሎት ይዘጋል፤ አለቀ።»

እሷን ግን እህል አልወርድ አላት። የሰው ሚስት ድምፅ አጥፍታ፣ በሟች አፍ እየተናገረች እስከ መቼ ትዘልቃለች? ማንበብ በጀመረች በስድስተኛው ሐሙስ ቆረጠች። ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ስልኩ ሲጮኽ ወዲያው አነሳችው።

«አባቴ» አለች በራሷ ድምፅ፣ «ዛሬ ካሴቱን አላስነሳም። የምናዘዘው ነገር አለኝ።»

ከዚያ ሻካራው ድምፅ ጠፍቶ የጎልማሳ ድምፅ መጣ።

«ነቅተሽብኛል ማለት ነው» አለ። «እኔ ልቅደም እህቴ፤ ያታለልኩሽ እኔ ነኝ። አባቴን ከቀበርኩት ሁለት ወር ሊሞላ ነው። የእናቴ ስምና የናንተ ስልክ ያለበትን ካርድ ኪሱ ውስጥ አገኘሁት፤ ጀርባው ላይ ‹ሐሙስ አራት ሰዓት› ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ ደንባችሁ ‹ለፈረመው ሰው ብቻ› ይላል። እና አባቴን ሆኜ ደወልኩ። ይቅር በይኝ።»

«እርስዎ… አንተ… ልጃቸው ነህ?»

«ሆዷ ውስጥ የነበረው ወሬኛ» አለ፤ ሳቁና ለቅሶው ተቀላቀለ። «ስትሞት የአርባ ቀን ልጅ ነበርኩ። አባቴ ስለሷ ማውራት አይችልም ነበር፤ ካሴት መኖሩንም አልነገረኝም። አርባ አምስት ዓመት የእናቴን ድምፅ ሳላውቅ ኖርኩ።»

እመት መዝገብ የቆለፈችውን መሳቢያ ተመለከተች።

«አሁን ግን በሺህ ሴት መሀል ብትናገር አይጠፋኝም» አላት። «በይ፣ አንቺስ የምትናዘዢው ምን ነበር?»