ሠላሳ አንደኛው ልስን

የሴት ፊት ከግድግዳ ሥዕል ላይ በመሮ ተፈልጦ ብታገኙ፣ እናንተ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማንን ነው?

ዶክተር አንሴልሞ ሬንቴሪያ የጠረጠረው አባቷን ነው። ዘመናዊውን የሜክሲኮ ሥነ ጥበብ በአራት ሳምንት ለመማር ከባሕር ማዶ የሚመጡትን ተማሪዎች ሐምሌ በመጣ ቁጥር ወደ ሠፈሩ ገበያ ይዞ ይገባል። ጥርጣሬውንም እንደ ታሪክ ይነግራቸዋል። ይህን መንገር ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሥዕሉ ከዶሮና ከአትክልት መደቦቹ በላይ ያለውን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል። በቆሎ ተሸካሚዎች አሉ፤ የባቡር ሠራተኞች አሉ፤ መሀል ላይ ደረቷ የተራቆተ ሴት በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተንበርክካለች። ከአንገቷ በላይ የተፈለጠ ድንጋይ ብቻ ነው።

"የታላቁ ኤቫሪስቶ ሉኬ ሥራ ነው" አለ ዶክተሩ። "ይኼን የልስን ማብረቅረቂያ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ምስጢሩን ይዞት ተቀበረ። የለሳኙ ልጅ ኖራ ታቦካለት ነበር፤ እሷኑ አስቀምጦ ሳላት። አባትየው ከቤተ ክርስቲያን የማይለይ ሰው ነው። ልጁ ራቁቷን ገበያ መሀል! ሥዕሉ በተመረቀ ማግስት ፊቷን ፈለጠው።"

"ልጅቷስ?" አለች ማሪት፣ ከኖርዌይ የመጣችው ተማሪ።

"ያቻትልሽ።"

ዶኛ ክሪሳንታ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሥዕሉ ሥር ተቀምጣ ቶርቲያ ለሚባለው የበቆሎ ቂጣ የሚሆን ሊጥ ትሸጣለች። በቆሎው የሚቀቀለው በኖራ ውሃ ስለሆነ ጣቶቿ ነጥተዋል፤ ጥፍሮቿም ተበልተዋል። ያን ጊዜ የቁልቋል ቅጠል እየከተፈች ነበር። ልጋጉን በጣሳ ታጠራቅማለች። ለጉልበቴ ነው ትላለች፤ ጣሳው ጠርዝ ላይ የደረቀው ግን እንደ ግድግዳው ያብረቀርቃል።

በዚያ ዓመት ነገሩ ከወሬ አለፈ። ዩኒቨርሲቲው ፊቱን መልሶ ለማሳል ፈቃድ አግኝቷል፤ ፈቃዱ የሚያበቃው ዓርብ ነው። የጎደለው በምረቃው ዕለት የተነሳ፣ ፊቱ የሚታይበት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ያለው ክሪሳንታ ጋ ነው።

"አልሰጥም" አለች።

"እማማ፣ የሚመለሰው እኮ የእርስዎ ፊት ነው!"

"ፊቴማ ይኸው። እንደ ልብህ እየው፤ አላስከፍልህም።"

ጎረቤቷ ዶሮ ሻጩ ዶን ቶርኩዋቶ በሳቅ ፈረሰ። የተነጨች ዶሮ በእግሯ አንጠልጥሎ አሳየ። "ዶክተር፣ እሷን ከሚለምኑ ይቺን እንቁላል ጣይ ቢሏት ይሻልዎታል!"

"አንተ ዶሮህን ንጭ!" አለችው።

ለማሪት የደረሳት የቤት ሥራ የልስኑን ስፌት መቁጠር ነበር። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሠራው በእርጥብ ልስን ላይ ነው። ለሳኙ በየማለዳው በዕለቱ ተስሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይለስናል፤ የየቀኑ ሥራ ጠርዝም ግድግዳው ላይ ይቀራል። ኖራው ሳይደርቅ የገባ ቀለም ከድንጋይ ጋር ድንጋይ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ የተቀባ ግን ዱቄት ነው። ይህን የሙያው ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል።

ማሪት መሰላል ላይ ወጥታ ሠላሳ አንድ ልስን ቆጠረች። ሠላሳው ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳሙና ተፈግፍጎ አልደበዘዘም። በመጨረሻው፣ በጭንቅላቱ ልስን ዙሪያ የተረፈው ቀለም ግን ገና ስትነካው አውራ ጣቷ ላይ ቀረ።

"ዶክተር፣ ይሄኛው ከደረቀ በኋላ ነው የተሳለው።"

"ሉኬ በዚያን ቀን ደክሞት ይሆናል" አለ ዶክተሩ። "ሊቅም ሰው ነው።"

ክሪሳንታ ከታች ቀና ብላ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። "ውረጂ ልጄ፣ ትወድቂያለሽ" አለቻት።

ሐሙስ ዕለት ማሪት ብቻዋን መጣች። ክሪሳንታ ፎቶግራፉን አወጣችና በውስጡ የሚታየውን የሥዕሉን ፊት በአውራ ጣቷ ሸፍና አሳየቻት። ሉኬ አንዲት ጠብታ ያልነካው ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሶ ይስቃል። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ እጆቿን ወደ ኋላ ደብቃ ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ደረቷ በቀለም ተለቅልቋል።

"ቆንጆ ነበሩ" አለች ማሪት።

"ደክሞኝ ነበር።"

"አባትዎ ክፉ ሰው ነበሩ?"

"አባቴ ለዚያ ፊት ስምንት ወር ታሰረ። ሲያስሩትም ሲፈቱትም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ወደ ዶክተርሽ ሂጂ አሁን።"

ዓርብ ዕለት ዶክተር አንሴልሞ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ። ተማሪዎቹ ከበቡት፤ ገበያተኛውም ተሰበሰበ። ጮክ ብሎ አነበበው። "እኔ ክሪሳንታ ኦሮፔሳ፣ ፊቴን ከሥዕሉ ላይ ያጠፋውን አባቴን ከልቤ ይቅር ብያለሁ። የታላቁ ሰዓሊ ሥራ ወደ ቀድሞ ክብሩ እንዲመለስም ፎቶግራፉን ሰጥቻለሁ።"

"ይፈርሙ፣ እማማ። ሸክሙ ይውረድልዎት።"

"በይ ፈርሚና ገላግይን!" አለ ቶርኩዋቶ። "የቆመው ሁሉ ገዢ እየመሰለኝ ተቸገርኩ።"

ክሪሳንታ እስክሪብቶውን ተቀበለች። "አባቴን" የሚለውን ቃል ሰረዘችው።

"እሱን ተዉት" አለች። "የፈለጥኩት እኔ ነኝ። መሮው ነው የሱ።"



"የራስዎን ፊት?" አለ ዶክተሩ። "አፍረው ነው?"

ክሪሳንታ ፎቶግራፉን ከአራት ቀደደችና ከጎኗ ባለው የኖራ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጣለችው።

"ያፈርኩትስ በሉኬ ሥራ ነው። እኔ ሠላሳ ቀን ሙሉ ስዬ፣ ከዚህ ግድግዳ ላይ እሱ የሳለው ያቺን ፊት ብቻ ነው፤ ያቺኑም ልስኑ ከደረቀ በኋላ መጥቶ። ማንንም ይቅር አልልም።"